ጉድጓድ ውስጥ የደፋነው ግንዛቤ

ሰውዬው የታሸገ ውኃውን ሲከፍት ክዳኑ ጠቅ ያለው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የመንደሩ ሰው ሁሉ ማንጎው ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል። እሱ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው፤ ከፊቱ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ተቀምጦለታል። የወንዛችን ውኃ በሽታ እንዳለበት ሊነግረን መጥቶ፣ መጀመሪያ የራሱን ጉሮሮ በፋብሪካ ውኃ አራሰ። ሁለቴ ጎነጨ፣ መልሶ ከደነው፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አነሳ።

እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፤ ዶሮ ያሰጣሁትን እህል ስትለቅም እንኳ «እሽ» የምለው ቀስ ብዬ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ተናድጄ ነው። በጋው አልፎ ክረምቱ ገባ፣ ንዴቴ አልበረደም። ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ፤ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። የለየሁትን ያህል የለየሁት የልጅ ልጄ ስታጠና ከጎኗ ተቀምጬ ነው።

በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ ወደ አቦቦ ከመጡት አንዷ ነኝ። ባሌን እዚሁ ቀበርኩ። ልጆቼ አድገው ጋምቤላ ከተማ ገቡ፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ሱቅ አላት። እኔ አንድ ቤት ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። ጨሌ፣ መርፌ፣ ክር፣ ማበጠሪያ፣ ሳሙና በጨርቅ ቋጥሬ ከጋምቤላ አቦቦ፣ ከአቦቦ ኢታንግ፣ ሲያሻኝም በጀልባ ኑዌሮቹ ዘንድ፣ እስከ ማታር እዞራለሁ። «እማዬ፣ አሁንስ እግርሽን ሰብስቢ» ይሉኛል ልጆቼ። እኔ ብሰበስበውም እሱ አይሰበሰብም።

ዞሮ መሸጥ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ማንን እንደማናግር ሳላውቅ ቋጠሮዬን አልፈታም። ማታር ገብቼ ወዲያው ጨሌ ባወጣ ማንም አያየኝም። መጀመሪያ እቀመጣለሁ። ስለ ከብቱ እጠይቃለሁ፤ ስንት እንደሆነ ሳይሆን እንዴት እንዳደረ። ለሙሽራዋ የሚሆነውን ከማሳየቴ በፊት ለአማቷ አንድ ነገር አሳያለሁ። የኑዌር ሴት የምትወደውን ቀለም አኝዋ መንደር ብዘረጋ «ለሌላ ሰው የተገዛ ነው» ይሉኛል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። ያላወቅኩ ቀን ቋጠሮዬ ሳይጎድል ስለተመለስኩ፣ ጀርባዬ ነው የተማረው።

ነገሩ የሆነበት መንደር ከአቦቦ ወጣ ብሎ ከአልዌሮ ግድብ በታች ያለ የአኝዋ መንደር ነው። እዚያ ስደርስ የማርፈው አንዲት ሴት ቤት ነው። እናቷ ወዳጄ ነበረች፤ እኔ ጨው ስሰጣት እሷ ዓሣ እየሰጠችኝ፣ ቋንቋዋን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ስትሞት ልጅቷን እንደ ልጄ ያዝኳት። እሷም «እናቴ» ትለኛለች። አማርኛዋ እንደ እኔ አኝዋ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ታደርጋለች። «እናቴ፣ መጣህ?» ስትለኝ እስቃለሁ፤ እኔ በቋንቋዋ ስናገር ደግሞ እሷ ከእኔ ብሳ ትስቃለች። ዋናውን ነገር የምንነጋገረው በእሷ ቋንቋ ነው። ሁለት ዓመት ገና ያልሞላት ሴት ልጅ አለቻት። ወገቧ ላይ ያለውን ጨሌ ያሰርኩላት እኔ ነኝ።

በዚያ ቤት፣ በዚያ መንደርም፣ ለሰው ውኃ የሚሰጥ መጀመሪያ ራሱ ይጎነጫል። ቅሉን ወደ አፉ ወስዶ፣ አንዴ ውጦ፣ ከዚያ ነው የሚያቀብል። እኛም አገር ጠላ የቀዳ ሰው ቀምሶ ነውና የሚሰጠው ትርጉሙ አልጠፋኝም፤ እኔን ካልገደለኝ አንተንም አይገድልህም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ከመንደሩ ማዶ ሰፊ የሩዝ እርሻ አለ። እርሻው ላይ የአረም መርዝ የሚረጭ ቀን ዘበኛው ቀይ ጨርቅ እንጨት ላይ ይሰቅልና መንደሩን እየዞረ፣ «ኬሚካል! ኬሚካል ነው! ራቁ! ልጆቻችሁን ያዙ! የነካ እጁን ይታጠብ!» እያለ ይጮኻል። ጎበዝ ዘበኛ ነው። በቋንቋቸው ነው የሚናገረው፣ ቃሉን ብቻ እንዳለ «ኬሚካል» ይለዋል። በየበሩ ቆሞ፣ ሰው ራሱን እስኪነቀንቅለት ድረስ አይሄድም። በዚያ መንደር ሕፃን እናቱን ከጠራ በኋላ የሚለየው ቃል ኬሚካል ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ትርጉሙም አንድ ብቻ ነው፤ ራቅ።

እንግዲህ ወደ ማንጎው ሥር ልመለስ። በታች ባሉ መንደሮች ተቅማጥና ትውከት ገብቶ ሰው እየጣለ ነው የሚል ወሬ ነበር። ከከተማ ባለሙያ መጥቶ ያስተምራል ተባለ። ለሦስት ሰዓት ተጠራን፤ የመጣው ሰባት ሰዓት ነው። ሴቶቹ ከማሳ ቀርተው፣ ሕፃናቱ በረሃብ እያለቀሱ ጠበቅነው። ከመኪናው ሲወርድ ይቅርታ አላለም። እጁን አንስቶ እያወዛወዘ፣ ጥርሱን ገልጦ፣

«ማሌ! ማሌ!» አለ።

አንድም እጅ አልተነሳለትም።

ማሌ የኑዌሮች ሰላምታ ነው። ያማረ ሰላምታ ነው፤ ማታር ላይ ስንት ጊዜ ብዬው ስንት ደጅ ተከፍቶልኛል። ይሄ ግን የአኝዋ መንደር ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በደጉም በክፉውም ጊዜ ብዙ ያሳለፉ ናቸው። ከተማ ውስጥ አንዱ «የጋምቤላ ሰላምታ ይሄ ነው» ብሎታል፤ እሱም «የየትኛው ደጅ?» ብሎ አልጠየቀም። ከፊት የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ነበረች፣ ጋያዋን ከአፏ የማታወርድ። ጢሱን ለቀቅ አድርጋ በቋንቋዋ፣

«ይሄ ልጅ መንገድ ስቷል። ጀልባ ፈልጉለት» አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም በደስታ የሳቁለት መስሎት አብሮ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ያ ሳቄ ያቃጥለኛል።

የሚያስተረጉመው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ የመንደሩ ልጅ ነው፣ ጋምቤላ ተምሯል፣ ሥራውን ይፈራል። ባለሙያው «ክቡራን የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የተከበራችሁ እናቶች፣ ከሁሉ አስቀድሜ» ብሎ ጀመረ። ከሁሉ አስቀድሞ ያለው ነገር አላለቀለትም። ከዚያ፣ «አበው ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ» አለ።

እኔ ተረቱን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። ለእኔ ጣፋጭ ነው። ለእነዚያ ሴቶች ግን አስተርጓሚው ያደረሰላቸው፣ «ከጠራው ውኃ ቅዱ ይላል» የሚለውን ብቻ ነው። በጋ ነበር። አልዌሮ ወንዝ በበጋ መስታወት ነው፤ ሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኛ ውኃ እንግዲያው ጥሩ ነው፣ ተመስገን። ሰውዬው ገና ስለ በሽታው አንድ ቃል ሳይናገር ሕዝቡን ከበሽታው ጋር አስታረቀ።

«የዛሬው መድረክ ዓላማ» ቀጠለ፣ «ለማኅበረሰቡ ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው።»

ይህን ቃል አልወደውም። ከቢሮ የሚመጣ ሰው ሁሉ አፉ ላይ ነው። ለእኔ ጆሮ ግንዛቤና ግንዘት አንድ ናቸው፤ ሬሳ የሚያስሩ ይመስለኛል። አስተርጓሚው ቃሉ አቃተው። ላቡን ጠረገና «ግንዛቤ የሚባል ነገር በእጃችሁ ሊያስይዛችሁ ነው የመጣው» አላቸው። ሴቶቹ እጃቸውን አዩ።

ከዚያ ከካርቶን ትንንሽ ጠርሙሶች አወጣ። «ውኃን ሳያክሙ መጠጣት ለበሽታ ያጋልጣል። ስለዚህ ይህን ኬሚካል ውኃችሁ ውስጥ ጨምራችሁ ለልጆቻችሁ ታጠጣላችሁ።»

አስተርጓሚው ለአፍታ ቆመ። አየሁት። ቃሉ ከባድ እንደሆነ እሱም አውቋል። ግን አለቃ ነው የተናገረው፤ እንዳለ አወረደው። ኬሚካል። ውኃ ውስጥ። ለልጆቻችሁ።

ጎኔ የተቀመጠችው፣ «እናቴ» የምትለኝ ልጄ፣ ሕፃኗን ከመሬት አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

እሱ ይናገራል። ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ስለ ንጽሕና አጠባበቅ፣ ስለ ባለድርሻ አካላት። በመሀል በመሀል አረፍ እያለ ጭብጨባ ይጠብቃል። ሲጠማው ጠርሙሱን ይከፍታል፤ ጠቅ። ከሚያድለው ጠርሙስ አይደለም፣ ከታሸገው።

የሰፈራው ጊዜ መጣብኝ። ከመኪና አውርደው ሜዳ ላይ ሰብስበውን አንዱ ድምፅ ማጉያ ይዞ ስለ ትራክተር የነገረን ቀን። ድምፁ ያምር ነበር። እኛ መንገድ ላይ ቀብረናቸው የመጣናቸውን ልጆች እያሰብን ነበር። ትራክተሩን አጨበጨብንለት፤ አጨብጭቡ ስለተባልን። ልጆቻችሁ የት ቀሩ ያለን ግን አንድም ሰው አልነበረም። ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ አንድ ቀን እንዲህ ላለው ሰው እመልስለታለሁ ብዬ ነበር።

መለስኩለት? አልመለስኩም። ሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ፣ ስህተቱ የት እንደገባ በዓይኔ ያየሁ ሰው እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ። እንግዳ ነኝ አልኩ። የተማረ ሰው ፊት መሃይም ምን ትናገራለች አልኩ። ሰው ሲበተን ጨሌዬን እሸጣለሁ ብዬም አስቤ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

ጠርሙሶቹ ታደሉ። በማግሥቱ ጠዋት ልጄ ከጓሮ ስትመጣ እጇን በሳሙና ደጋግማ እያሸች ነው።

«ምን ነክተሽ ነው?» አልኳት።

«ያን ግንዛቤ» አለችኝ። «ከቤት ርቄ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት። ሌሎቹም ደፍተዋል። ልጆች እንዳይሄዱበት እሾህ አደረግንበት።»

ጠርሙሱ ስሙ ግንዛቤ መስሏት ነበር። መንደሩ ሁሉ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የሚጠራው።

«መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም እኮ» አልኳት።

«ጠጥተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እሱስ ሲጠጣ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እናቴ፣ ሰው ያልቀመሰውን ለልጄ ልስጥ?»

ቋጠሮዬን አንስቼ ወደ ኢታንግ ሄድኩ። ይህንንም ለራሴ ይቅር አላልኩም።

በስምንተኛው ቀን ስመለስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሕፃኗ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጣትና ሲያስታውካት አድሯል። ዓይኗ ጎድጉዷል። ቆዳዋን ቆንጠጥ ሳደርገው እንደተቆነጠጠ ይቀራል። አለቀሰች፤ እንባ የለውም። እኔ እንዲህ ያለ ልጅ አይቻለሁ፤ ከወሎ በምንመጣበት መንገድ ላይ። ሞተር ተለመነ፤ እናቲቱ ልጇን አቅፋ ከኋላ፣ እኔ በሌላ ሞተር፣ አቦቦ ገባን።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ነርስ እጇ ፈጣን ነው፤ አልወቅሳትም። ደም ሥር ፈልጋ ግሉኮስ ሰቀለችላት። ከዚያ ግን ዞራ፣

«ውኃ አታክሙም? ተነግሯችሁ የለም ወይ?» አለች።

ልጄ በአማርኛዋ፣ «ተነገረን። ኬሚካል ልጄን አላጠጣም» አለች።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች፤ መልኬንም አነጋገሬንም አይታ ከራሷ ወገን ቆጥራኝ፣ «አዩ እማማ? ቢነገራቸው አይሰሙም እኮ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠራቀምኩት መሰለኝ። «ሰሙ እንጂ!» አልኳት። «የሰሙትማ ሰሙ! ኬሚካል ራቁ ተባሉ፣ ራቁ። እጃችሁን ታጠቡ ተባሉ፣ ታጠቡ። ከጠራው ውኃ ቅዱ ተባሉ፣ ቀዱ። ከዚህ በላይ የሚሰማ ሕዝብ ከየት ታመጪልኛለሽ?» ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። ነርሷ ደነገጠች፤ እኔም ደነገጥኩ።

ልጄ ግን አላመሰገነችኝም። በቋንቋዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ታውቂ ነበር ማለት ነው» አለችኝ። «ማንጎው ሥር ስትቀመጪ ታውቂ ነበር።»

ዓይኔን ወደ ግሉኮሱ አዞርኩ።

«አሁን የጮኽሽውን ያን ቀን ብትጮኺው ምን ነበር?»

ሁለት ቀን ሙሉ ሕፃኗ ትሙት ትዳን ሳይታወቅ አልጋው ሥር ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እጇ ወገቧ ላይ ሄዶ ጨሌውን ሳበች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳበች። እናቷ አየች፣ እኔም አየሁ።

መንደር ተመለስን። ልጄ አላባረረችኝም፤ እሷ ሰው አታባርርም። ውኃ ስጠይቃት ሰጠችኝ። ቅሉን ሞልታ፣ ሳትጎነጭ፣ እጇን ዘርግታ ሰጠችኝ። ጥፊ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። በማግሥቱም እንደዚያው። ከዚያ በኋላም እንደዚያው።

በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጁ መጥቶ፣ «እማማ፣ ያ ባለሙያ ረቡዕ ተመልሶ ይመጣል» አለኝ። «ኅብረተሰቡ አልተቀበለም፣ የግንዛቤ እጥረት አለ ተብሎ ሪፖርት ሆኗል። ሊቆጣን ነው።»

«እጥረት አለ አልክ? ጉድጓዱ ሙሉ ግንዛቤ ነው» አልኩት። አልሳቀም።

በዚያ ሳምንት ከመንደሩ ሌሎች ሁለት ልጆችም ታመው ነበር። ጠርሙስ እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ጉድጓድ ይደፋል፤ ቀጥሎ የሚቆፈረው ጉድጓድ የጠርሙስ ላይሆን ይችላል። ሌሊቱን ይሄን ሳብሰለስል አደርኩ።

ረቡዕ ከሁሉ ቀድሜ ሄጄ ከፊት፣ ከጋያዋ አሮጊት ጎን ተቀመጥኩ። ልጄ ሕፃኗን አቅፋ ወደ ኋላ ተቀምጣለች። መኪናው መጣ። ጠረጴዛው ወጣ። የታሸገው ውኃ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሰውዬው ዛሬ አልሳቀም፤ ፊቱን ቋጥሮ ድምፅ ማጉያውን አነሳና፣

«ማሌ!» አለ።

ተነሳሁ። ጉልበቴ ቀጭ ሲል ለእኔ ብቻ የተሰማኝ አልመሰለኝም።

«ልጄ፣ አንዴ ቆይ።»

«እማማ፣ ይቀመጡ። ጥያቄ በመጨረሻ ነው።»

«ጥያቄ አይደለም። ይሄ የማን መንደር ነው?»

«እ… የኅብረተሰቡ።»

«የኑዌር ነው የአኝዋ?»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ያያል። «አኝዋ» አለ ቀስ ብሎ።

«ማሌስ የማን ሰላምታ ነው?»

ሰውዬው ቀላ። አሮጊቷ ምን እንደተባባልን በቋንቋዋ ስነግራት፣ «ጀልባው አልተገኘለትም ማለት ነው» አለች። የዚያን ቀን ሳቁ መልኩ ሌላ ነበር፤ እሱም አብሮ አልሳቀም።

«አሁን ደግሞ ኬሚካል ምን እንደሆነ ልንገርህ» አልኩት። እጄን ወደ እርሻው ዘረጋሁ። ቀዩን ጨርቅ፣ ዘበኛውን፣ ጩኸቱን ነገርኩት። ሥራ አስኪያጁ ሳልለምነው የምለውን ሁሉ ወደ አኝዋ እየመለሰ ነበር፤ ሴቶቹ «አዎ፣ አዎ» ይላሉ።

«እኔ ያልኩት የውኃ ማከሚያ ኬሚካል ነው፣ እማማ። ያኛው ሌላ ነው።»

«ላንተ ሌላ ነው። አንተ የምትናገረው ግን ላንተ ነው እንዴ? አንተማ ታውቀዋለህ!» ጠረጴዛው ድረስ ጠጋ አልኩ። «አራት ሰዓት አስጠብቀህ፣ በሰው ሰላምታ ሰላም ብለህ፣ መርዝ ልጆቻችሁን አጠጡ ብለህ ሄድክ። እነሱ ታዝዘው ልጃቸውን ከመርዝ አዳኑ። አንተ አልሰሙም ብለህ ጻፍክ። ያቺን ሕፃን ታያለህ? ሦስት ቀን አልጋ ላይ ነበረች።» ከዚያ ደግሞ ያላሰብኩት ከአፌ ወጣ። «እኔም አለሁበት። አውቄ ዝም ብያለሁ። ካንተ እኔ እብሳለሁ፤ አንተ አታውቅም ነበር።»

ይህን በሁለቱም ቋንቋ አልኩት። ለአስተርጓሚ አልተውኩትም።

ሰውዬው ድምፅ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያለ ድምፅ ማጉያው ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። «ታዲያ ምን ልበል?» አለኝ።

«ምንም አትበል። ጠጣ።»

አንዲት ሴት ከአልዌሮ የተቀዳ ጀሪካን አመጣች። ከሚታደለው ጠርሙስ በክዳኑ ለካና፣ አንድ ክዳን ለአንድ ጀሪካን፣ ሁሉ እያየው ጨመረ። ነቀነቀው። ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት አለ። «እስከዚያው ስለ እጅ አስተጣጠብ…» ብሎ ሊጀምር ሲል አሮጊቷ ጋያዋን አንስታ፣

«ውኃው ዝም ብሎ እየሠራ ነው። አንተም ዝም በል» አለች። ተተረጎመለት። ዝም አለ።

እንዲህ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው አንድ ቢጫ ጀሪካን እያየ ቁጭ አለ። አንዱ ያስላል፣ ዝንብ ይዞራል፣ ሕፃን ይጠባል። ሰውዬውም በመሀል ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ማንም አላዘዘውም፤ ፀሐዩ ወንበሩ ላይ ደርሶበት ይሆናል፣ አላውቅም። ዛሬም ቢሆን ያለ ልክ ላመሰግነው አልፈልግም።

ጊዜው ሲደርስ ቅል ተሞልቶ ተሰጠው። ዓይኑ ለአፍታ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ታሸገው ውኃ ሄደ። ሰው ሁሉ አየው። ከዚያ ቅሉን አነሳና ጠጣ። አልቀመሰም፣ ጠጣ፤ ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ቆጠርነው። ፊቱ ጭምድድ አለ።

«ይሸታል» አለ።

ያ ሰው በዚያ መንደር የተናገረው የመጀመሪያው እውነት ይሄ ነው። ሴቶቹ ወደፊት ጠጋ ጠጋ አሉ።

«የወንዙ ይሻላል ወይስ ያንተ?» አለች አሮጊቷ።

«የወንዙ ይጣፍጣል» አለ። «ይሄ ይሸታል። ግን ይሄ ልጅ አይገድልም።»

ሥራ አስኪያጁ ያን ሲያስተረጉም አልተንተባተበም፣ ላቡንም አልጠረገም። አንድ ትንፋሽ ነበር። ከዚያ ቅሉ ዞረ። አሮጊቷ ጠጣችና ከጋያው ጢስ ይሻላል አለች። አፋቸው ላይ አድርሰው የመለሱም አሉ። ልጄ አልጠጣችም። ከኋላ ሆና አየች፣ ልጇን አዝላ ሄደች።

ሰውዬው ሲሄድ ጠርሙስ ለየቤቱ አድሎ ስም መመዝገቢያ ወረቀት አወጣና ሁላችንም ፈረምን፤ አብዛኞቻችን በአውራ ጣት፣ እኔ በተንጋደደ ፊደሌ። በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱ ምን እንደሚል ነገረኝ። «ለማኅበረሰቡ ግንዛቤ ተፈጥሯል» ነው የሚለው። ግንዛቤ የተፈጠረለት ማን ሆነና! እኛ ነን? እሱ በአንድ ቅል ውኃ ያወቀውን በወረቀቱ ላይ ለእኛ ሰጠን። ቀጥሎ የሚላከው ሰው ይህንኑ ወረቀት አንብቦ፣ እጁን እያወዛወዘ «ማሌ» ብሎ አይመጣም ያለ ማን ነው?

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ጋምቤላ ልሄድ ቋጠሮዬን አሰርኩ። ልጄ ከቤት ወጣች። ቅል ይዛለች። እኔ እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ግን አልሰጠችኝም። ወደ አፏ ወሰደችውና ጎነጨች። አፍንጫዋን ሸበሸበች። ዋጠችው።

ከዚያ ሰጠችኝ። የዚያ ግንዛቤ ሽታ ከሩቅ መጣልኝ።

«ሌላ ቀን ሰው ሲሳሳት እያየሽ ዝም ካልሽ» አለችኝ፣ «ከዚህ ቤት ውኃ የለሽም።»

«የለኝም» አልኩ።

ቅሉን አንስቼ እስከ ታች ጠጣሁት።